በስልክ ካሜራ የዕይታ ጥበብን ማስተማር፦ ከመስመር እስከ ቀለም

ለ40 ተማሪ «ሂዱና ጥሩ ፎቶ አንሱ» ብላችሁ ስልክ ብታስይዙ፣ ምን ይዘው እንደሚመለሱ ከወዲሁ መናገር ይቻላል። አበባ፣ የጓደኛ ፊት፣ ሰማይ፣ ሁለት ጣት የተቀሰረበት ሰልፊ። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ የተበላሸው ጥያቄው ነው። «ጥሩ» ምን እንደሆነ የነገራቸው ስለሌለ ቆንጆ ነገር ፈልገው አነሱ።

ጥያቄውን ቀይሩት። «ከፎቶው ጥግ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ መስመር አምጡልኝ» በሏቸው። ያኔ በየቀኑ የሚረግጡት ግቢ ሌላ ግቢ ይሆንባቸዋል። አጥሩ፣ ደረጃው፣ የመረብ ኳሱ ገመድ፣ የኮርኒሱ ክፈፍ ሁሉ ብቅ ብቅ ይላል። ይህ መመሪያ የሚሄደው እንደዚህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየፈለጉ።

የሚፈለጉት ሰባት ናቸው። መስመር፣ ቅርጽ፣ ብርሃንና ጥላ፣ ፎርም (የነገሩ ክብደትና ጥልቀት)፣ ቴክስቸር (የገጹ ልስላሴና ሸካራነት)፣ ቦታ (ባዶውና ርቀቱ) እና ቀለም። ቅደም ተከተሉን ሁሉም እንደየፍላጎቱ ይደረድረዋል። እኔ ግን ቀለምን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው፤ በዚህ አልደራደርም። ቀለም ጉልበተኛ ነው። ፎቶው ውስጥ ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ካለ ስለ መስመርም ስለ ጥላም የሚያወራ አይገኝም። ስለዚህ እስከ ደረጃ 7 ድረስ ስልኩ ጥቁርና ነጭ ላይ ይሁን።

ከመውጣታችሁ በፊት

ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ አያስፈልግም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ያም ችግር የለውም። አንድ ስልክ ለአምስት ልጅ ይበቃል። እንዲያውም ይሻላል እላለሁ፤ አንዱ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት አራቱ ይከራከሩታልና። ክርክሩ ነው ትምህርቱ። ስልኩም ውድ መሆን የለበትም። ከጥቂት ዓመት በፊት የተገዛ ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ እዚህ ያለውን ሁሉ ይሠራል።

ከስልኩ በፊት ግን ካርቶን ይምጣ። የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቅደዱ። ልኩን የመረጥኩት አብዛኛው ስልክ ፎቶ የሚያነሳው በ3 ለ4 ምጥጥን ስለሆነ ነው። ተማሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳው ያያል። ካርቶኑን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ብዙ ነገር ይገባል፤ ክንዱን ሲዘረጋ ጥቂት ብቻ ይቀራል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉውን በካርቶን ብቻ አሳልፉት። ማጉረምረማቸው አይቀርም። ቢሆንም ፎቶ ማለት ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ብሎ መቁረጥ መሆኑን ከካርቶን የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ቀጥሎ ስልኩን አዘጋጁ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ብዙ «የደበዘዘ» ፎቶ ጥፋቱ የጣት ቅባት ነው። ከካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ፍርግርግ መስመሮቹን አብሩ። ፍላሽ አጥፉ። ፊት የሚያለሰልሰውንም ማስዋቢያ አጥፉ። በሁለት ጣት ማጉላት ክልክል ይሁን፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይሂድ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር አሳዩአቸው። ስክሪኑን ነካ ሲያደርጉ በአብዛኛው ስልክ ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ያቺን ወደ ታች ሲስቧት ፎቶው ይጨልማል፤ ወደ ላይ ሲስቧት ይበራል። ከዚህ ትምህርት ውስጥ ከስልኩ ጋር የተያያዘው ዋና ችሎታ ይኸው ነው። ሌላው ዓይን ነው።

ሰዓት ምረጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች። ብርሃን ከጎን የሚመጣው ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ፎርምና ቴክስቸር በእነዚህ ሰዓቶች ይሠሩ። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ፊት ማንሳት ከንቱ ድካም ነው፤ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ለመስመርና ለቅርጽ ግን ያው የቀትር ፀሐይ ጥሩ ናት። በረንዳ ላይ የሚወድቀው የብረት ፍርግርግ ጥላ በዚያን ሰዓት እንደ ተሰመረ ይታያል።

ፈቃድንም አትርሱ። ግቢ ውስጥ ጨርሱ፤ ከአጥር ውጭ መውጣት ካስፈለገ የትምህርት ቤቱን ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ያዙ። ኤምባሲ፣ ካምፕ፣ ቤተ መንግሥት፣ ባንክና ጥበቃ የቆመበት ሕንፃ አካባቢ ስልክ አይነሳ። ሰው ከማንሳት በፊት ይጠየቅ። የተማሪ ፊት ያለበት ፎቶ ወላጅ ሳይፈቅድ በቴሌግራም ቻናል አይለጠፍ።

ደረጃ 1፦ መስመር

በመስመር መጀመር ደስ ይላል፤ ያልተገኘበት ቦታ የለም። የቆርቆሮ አጥር ሽንተረር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ለግንባታ የታሰረ የባህር ዛፍ ርብራብ፣ ሜዳው ላይ በኖራ የተሰመረው። መጀመሪያ ዝም ብለው ይሰብስቡ። ለ20 ደቂቃ አሰማሯቸው፤ ከእያንዳንዱ ቡድን አሥር ፎቶ ይምጣ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሥራው ይከብዳል። አንድ ደረጃ ምረጡና ሦስት ጊዜ ይነሳ። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ቆመው፤ የደረጃው ጠርዞች አግድም ይተኛሉ፣ ፎቶውም ይረጋል። አንድ ጊዜ ከጎን፤ መስመሮቹ ሰያፍ ይሆናሉ፣ የቆመው ደረጃ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። አንድ ጊዜ መሬት ላይ ተንበርክከው ወደ ላይ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና «የትኛው ያስቸኩላል? የትኛው ያሳርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳታስረዷቸው ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከዚያ ያልተሰመረ መስመርን አምጡ። የታክሲ ሰልፍ መስመር ነው። አንድ ልጅ ወደ በሩ ሲያይ ከዓይኑ እስከ በሩ ድረስ የተመልካቹ ዓይን አብሮ ይሄዳል፤ ያም መስመር ነው። ጣት መቀሰርም እንዲሁ። ይህን የያዘ ተማሪ ሰው ሲያነሳ ሰውየው በሚያይበት በኩል ክፍት ቦታ መተው ይጀምራል፤ ለምን እንደሆነም ያውቃል።

ደረጃ 2፦ ቅርጽ

ቅርጽ ዙሪያው የታወቀ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግድ የለውም። ለዚህ ከጀበና የተሻለ መምህር አላውቅም። ጀበናውን መስኮት ላይ አስቀምጡ። ስክሪኑ ላይ የሚነካው ጀበናው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሰማይ ይሁን። የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ጀበናው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ግን ማንም ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አንገቱ፣ ሆዱ፣ እጀታው በቂ ነው።

አሁን ጀበናውን አዙሩት፤ እጀታው ወደ ካሜራው ይምጣ። ድንገት ጀበናነቱ ይጠፋል። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ይስቃሉ። ነገሩ ግን ትልቅ ነው፤ አንድ ነገር የሚታወቅበት ጎንና የማይታወቅበት ጎን አለው፣ ፎቶ አንሺ ደግሞ መዞር አለበት። ቀጥሎ ሁለት ሲኒ ጨምሩ። ሲኒዎቹ ከጀበናው ጋር ከተደራረቡ አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናሉ፤ በመሃላቸው ጣት የምታህል ብርሃን ስትገባ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተትም ይዩት። ባዶው ራሱ ቅርጽ አለው።

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ እዚህ ላይ ማንሳት ጥሩ ነው። ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ ያየው ሰው መስቀል ያያል። ወርዶ ከሥሩ የቆመ ግን ከፊቱ የሚያየው ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከላይ ያለው ቅርጽ ነው፤ ከታች ያለው ፎርም ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ደረጃ 3፦ ብርሃንና ጥላ

እዚህ ቆዩ። ከሌላው ሁሉ ሁለት እጥፍ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ ዓይናቸውን ያጥብቡ። ዓይን በግማሽ ሲጨፈን ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ክፍሉን እንደዚያ ይዩት። ጥቁሩ የት ነው? ነጩስ? አብዛኛው ነገር በመሃል ያለ ግራጫ መሆኑን ሲያዩ ይገረማሉ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስጧቸው። ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያለው መሰላል ከግቢው ለቅመው ይሥሩ። ነጩ ከደብተር ወረቀት፣ ጥቁሩ ከተከፈተ በር ውስጥ፣ መሃሉ ከሲሚንቶ፣ ከቅጠል፣ ከደንብ ልብስ። አምስቱንም ፎቶ አራት ማዕዘን ቆርጠው በተርታ ያስቀምጧቸው። ሁለት ግራጫ ተመሳስሎባቸው የሚጣሉ ቡድኖች አይጠፉም። ይጣሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልኩ የሚያታልልበት መንገድ ነው። የስልክ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመጎተት ዝንባሌ አለው። ሙሉ ፎቶውን ነጭ ነጠላ ቢሞላው ስልኩ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል። ጥቁር ሰሌዳ ቢሞላው ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፤ ሰሌዳው አመድማ ይሆናል። መፍትሔው ያቺው የፀሐይ ምልክት ናት። ለነጭ ወደ ላይ፣ ለጥቁር ወደ ታች።

ይህ ሰው ስናነሳ በጣም ይጠቅማል። ጠይም ልጅ ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሙና ስልኩን እንደፈቀደ ተዉት። ግድግዳው ስልኩን ያታልለውና የልጁ ፊት ይጨልማል፤ ዓይኖቹ እንኳ በደንብ አይለዩም። አሁን ፊቱ ላይ ነክታችሁ አንሱ። ግድግዳው ከልክ በላይ ይነጣል፤ ፊቱ ግን ይመጣል። ከዚያ ልጁን ከግድግዳው አርቃችሁ ጥላ ያረፈበት ጭቃ ቤት ወይም የእንጨት በር ፊት አቁሙት፤ ሁለቱም ይስተካከላሉ። «ጥቁር ሰው ፎቶ ላይ አይወጣም» የሚለው የቆየ ወሬ ከየት እንደመጣ ልጆቹ በገዛ እጃቸው ያዩታል፤ ልጁ አልተለወጠም፣ የነኩት ቦታና የጀርባው ግድግዳ ነው የተለወጠው።

ሴቲንግ ውስጥ ኤችዲአር የሚል ካለና ማጥፋት ከቻላችሁ ለዚህ ትምህርት አጥፉት። ጥላውን ሁሉ እያበራ የምትፈልጉትን ልዩነት ይበላባችኋል።

ደረጃ 4፦ ፎርም

ቅርጽ ላይ ጥላ ሲጨመርበት ክብደትና ጥልቀት ያለው ነገር ይሆናል፤ ያ ነው ፎርም። እንቁላል በነጭ ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱ በመስኮት አጠገብ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ፤ የክፍሉ መብራት ይጥፋ። በአንድ በኩል ብሩህ፣ በሌላው ጨለማ፣ መሃሉ ላይ ቀስ እያለ የሚሻገር። ከጨለማው በኩል ሌላ ነጭ ወረቀት አቁሙ፤ ብርሃን መልሶ ይረጫል፣ ጥላው ይለሳል። ወረቀቱን ስታርቁትና ስታቀርቡት የሚሆነውን ስክሪኑ ላይ ይከታተሉ።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንጅ ቃሪያ የቆርቆሮ መቅጃ ውስጥ አስቀምጦ ያነሳው ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። ቃሪያው የታጠፈ የሰው ጀርባና ትከሻ ይመስላል። ፎቶውን አሳዩአቸውና በማግስቱ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ዝንጅብል ይዘው ይምጡ። ዝንጅብል በተለይ አያሳፍርም።

ደረጃ 5፦ ቴክስቸር

እንጀራ አምጡ። ከላይ ብርሃን ሲያርፍበት ዓይኑ አይታይም፤ ጠፍጣፋ ክብ ነው። መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ ብርሃኑ ገጹን እየዳበሰ ከጎን እንዲመጣ ስታደርጉት ግን እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ጥላ ይይዛል። ገልብጡትና ጀርባውንም አንሱ፤ ልስልስና ሸካራ ከአንድ እንጀራ ላይ ተገኘ ማለት ነው። (ከዚያ በኋላ ይበላል፤ መቼም አይጣልም።)

ከዚህ ወዲያ ደንቡ ግልጽ ነው። ገጽን ለማሳየት ብርሃን ከጎን። የጭቃ ግድግዳ ከነጭዱ፣ ኮብልስቶን፣ ጆንያ፣ የዛፍ ቅርፊት ለዚህ ምቹ ናቸው። በጣም ከመቅረብ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ስልክ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ሲቀርብ ያደበዝዛል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ቁረጡት። ፎቶዎቹን ስም ሳይጻፍባቸው አዙሩና ሌላው ቡድን ምን እንደሆነ ይገምት።

ደረጃ 6፦ ቦታ

ጀማሪ ባዶ ቦታ ይፈራል። የሚያነሳውን ነገር መሃል ላይ ያደርግና ፎቶውን ይሞላዋል። ስለዚህ ትእዛዙ ይህ ይሁን፦ የምታነሱት ነገር ከፎቶው አንድ አሥረኛውን ብቻ ይያዝ። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ኳስ። ረጅም ግድግዳ አጠገብ አንድ ልጅ። ብዙዎቹ መጀመሪያ «ምንም የለውም እኮ!» ይላሉ። ኳሱን ወደ ጥግ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያዛወሩ አራት ጊዜ ሲያነሱት ባዶው ሥራ እንዳለው ይገባቸዋል።

ጥልቀት ለማምጣት ከፊት አንድ ነገር፣ መሃል አንድ ነገር፣ ከኋላ አንድ ነገር። በበር ፍሬም ውስጥ ሆኖ ወደ ግቢው ማየት ቀላሉ ነው። ግን ተቃራኒውንም አሠሯቸው፤ ምንም ጥልቀት የሌለው ፎቶ። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከጀርባቸው ብዙ ጊዜ ወጥ ቀለም ነው፤ ርቀት የለም፣ ትልቅ የሚሳለውም የቀረበው ሳይሆን የከበረው ነው። ሠዓሊዎቹ ርቀትን የሚያሳዩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ተማሪዎች ግድግዳ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው ጓደኛቸውን እንደዚያ ጠፍጣፋ አድርገው ያንሱ። በጣም የሚወዱት ልምምድ ይሄ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀለም

አሁን ጥቁርና ነጩን አጥፉት። ክፍሉ ውስጥ ጩኸት ይሰማል።

ደስታው እንዳይበትናቸው ገድቡት፤ በአንድ ፎቶ ሁለት ቀለም ብቻ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም መልበሱ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ሰልፉን ሞልቶ የሚታየው አንድ ቀለም ነው፤ በመሃሉ ቢጫ ጀሪካን የያዘ አንድ ልጅ አቁሙ። ዓይን ሌላ መሄጃ የለውም። ከዚያ ጀሪካኑን በአረንጓዴ ቅጠል ፊት፣ በሰማያዊ ግድግዳ ፊት፣ በደረቀ ሣር ፊት አንሱት። ያው ቢጫ ሰማያዊው ላይ ይጮኻል፤ ሣሩ ላይ ይደበቃል። ትምህርት ሲከፈት አደይ አበባ ስላለ ይህንኑ ከሰማይ ጋር መሞከር ይቻላል።

ድፍረት እንዲያገኙ የኢትዮጵያዊቷን ፎቶ አንሺ የአይዳ ሙሉነህን ፎቶዎች አሳዩአቸው። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው እሷ ናት። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫን ሳትሸማቀቅ፣ ጥቂት ብቻ እየመረጠች ትጠቀማለች። ተማሪዎቹ ፎቶዎቹ ውስጥ ስንት ቀለም እንዳለ ይቁጠሩ። ከጠበቁት ያንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አረንጓዴ የተቀባ ክፍል ውስጥ የተነሳ ፊት አረንጓዴ ይመታዋል። በረንዳ ላይ አውጧቸው።

የተነሳውን ማየት

ከአሥር ፎቶ አንድ ይመረጥ። መምረጡ ከማንሳቱ ይከብዳል፤ ለዚህ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡ። በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።

ውይይቱ ላይ «ያምራል» የምትለዋን ቃል አግዱ። አንሺው መጀመሪያ ዝም ይበል። ሌሎቹ ዓይናቸው ቀድሞ የት እንዳረፈና ቀጥሎ የት እንደሄደ ይናገሩ። ከዚያ «ይህን ጠርዝ ብንቆርጠው ምን ይጠፋል?» ተብሎ በወረቀት ተሸፍኖ ይታይ። ክርክሩ ወደ ሰውየው ወይም ወደ አበባው ካዘነበለ ፎቶውን ገልብጡት። ተዘቅዝቆ ሲታይ ሰውየው ይረሳል፤ መስመሩና ጥላው ይቀራል።

ማተም ውድ ከሆነባችሁ ተራ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። ኮፒው ግራጫዎቹን ያጠፋፋቸዋል፤ ብርሃንና ጥላው ደካማ የሆነ ፎቶ ወዲያው ያስታውቃል። ኮፒው ላይ ስስ ወረቀት ደርበው መስመሮቹን ብቻ በእርሳስ ይገልብጡ። በሥዕል ክፍለ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ነጥብ ስትሰጡ የስልኩን ጥራት እንዳትሸልሙ። እኔ ከ10 ብሰጥ፣ የተፈለገው ነገር ጎልቶ ለመታየቱ 4፣ ለምርጫው 3፣ ለምን እንደመረጠው በሁለት ዓረፍተ ነገር ለጻፈበት 3 እሰጣለሁ።

የመጨረሻው ሥራ

እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ተራ ዕቃ ይምረጥ። በርጩማ፣ ባልዲ፣ ሰፌድ፣ ጫማ። ያንኑ ዕቃ ሰባት ጊዜ ያንሳ፤ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለቅርጽ፣ እያለ እስከ ቀለም። ዕቃውን መቀየር አይፈቀድም። ስልክ የሌለው ልጅ ዕቃውን ይዞ ይምጣና በቡድኑ ስልክ ያንሳ።

ኮሪደር ላይ ሲባጎ ወጥሩና ፎቶዎቹን በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። የትኛው ለየትኛው እንደተነሳ አይጻፍ። ሌላ ክፍል መጥቶ ይገምት፤ ግምቱንም ከሥሩ በእርሳስ ይጻፍ። ለቴክስቸር የተነሳውን አብዛኛው ሰው «ቅርጽ» ካለው፣ ያ ፎቶ በሚቀጥለው ሳምንት በጠዋት ብርሃን እንደገና ይነሳል።